የእንጉዳይ ባዶ ሙዳይ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ አያቴ ከአያቷ የሰማችው ድሮ፣ ይህ የምታዩት ዋርካ ገና ለፍየል ጥላ ሳይሆን። በዚህችው በእኛ በወይራ አምባ እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። የባላባት ልጅ አይደለች፣ ገዳም አልገባች፣ ራእይ አላየች። ጥጥ ትፈትላለች፣ ከባሏ ከቢሻው ጋር ታርሳለች ታርማለች፣ ሁለት ልጆቿን ታሳድጋለች። በቃ። እንዲህ ያለችውን ሴት ማን ያስታውሳታል ትሉ ይሆናል። ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

የወይራ አምባ ሰዎች አንድ ወግ ነበራቸው። የካቲት ላይ ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ፣ እያንዳንዷ የቤት እመቤት ከምርቷ ቀድማ የለየችውን ስንዴ በሙዳይ አድርጋ ለቤተ ክርስቲያን ታስገባለች። ያ ስንዴ መገበሪያ ነው፤ ተፈጭቶ የቅዳሴው ኅብስት ይጋገርበታል። ወጉ ደግ ነው። ክፉው ሌላው ነው። ሙዳይዋ ያልሞላላት ሴት በዚያ ቀን ከቤቷ አትወጣም። ማንም አልከለከላትም፤ ካህኑም አላወገዛት። ግን ታፍራለች። «ባዶዬን ምን ብዬ እመቤቴ ፊት እቆማለሁ?» ትልና በሯን ዘግታ ትውላለች። ሰው እኮ ረሃብን ይችላል፤ የጎረቤት ዓይን ነው የሚያቅተው።

እንጉዳይ ሙዳይዋን የሰፋችው ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ከስንደዶና ከቀይ አለላ ነው። ከተዳረች ወዲህ አንድም ዓመት ባዶ ሆኖባት አያውቅም።

መጀመሪያ አንበጣ መጣ። እህሉ አሽቶ፣ ሰዉ ማጭዱን ስሎ ሲጠብቅ መጣ። ቢሻው ማሳው መሐል ቆሞ ጋቢውን እያውለበለበ ሲጮህ ዋለ። ማታ ድምፁም የለ፣ እህሉም የለ። ከዚያ ቀን ወዲያ ቢሻው ምግብ ሲያቀርቡለት ለልጆቹ ይገፋል፤ «ጠግቤአለሁ» ይላል። ታኅሣሥ ላይ ቀበሩት።

እንጉዳይ አንበጣ የረሳውን ዛላ ከድንጋይ ሥር፣ ከቁጥቋጦ ውስጥ እየለቀመች በመዳፏ አሸችው። መዳፏ ደማ። ሙዳይዋ ግን ሞላ። በንግሡ ዕለት የሐዘን ልብሷን እንደለበሰች ይዛው ገባች። እንደ ሌሎቹ እልል አላለችም። ግንባሯን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ አስደግፋ፣ «ጌታዬ፣ አልገባኝም፤ ግን መጣሁ» አለች።

ቀጥሎ ሰማይ ተዘጋ። ክረምቱ ክረምት ሳይሆን አለፈ። ሰኔ አቧራ፣ ሐምሌ አቧራ፣ ነሐሴ አቧራ። ከእንጉዳይ መሬት ከምንጩ አጠገብ ያለችው ቁራሽ ብቻ ጥቂት ሰጠች። ምንጩ ደፈረሰ፤ የደፈረሰ ውኃ ደግሞ በሽታ አመጣ። አያልነህ የሚባለው ልጇ፣ የአባቱን ሞፈር መጨበጥ ገና የጀመረው፣ አንድ ሳምንት እንኳ ሳይተኛ ሞተ። የምትቀብርበትን ጉድጓድ የሚቆፍርላት ሰው አጥታ ከጎረቤቷ ከወርቄ ጋር ሆነው ቆፈሩ።

ያን ዓመት ሙዳይዋ ከግማሽ አላለፈም። በመንገድ የሚያዩዋት ሴቶች ተጠቃቀሱ። እሷ ክዳኑን ጨብጣ አለፈች። ግንባሯን ከግድግዳው አስደግፋ፣ «ጌታዬ፣ አልገባኝም፤ ግን መጣሁ» አለች።

ሦስተኛው ዓመት አልራራም። ዝናቡ ደግሞ ቀረ። ሰዉ የዘር እህሉን በላ፤ በሬውን አርዶ በላ፤ ከዚያ ሥራሥር ቆፈረ። እንጉዳይ ከአምናው ፍሬ ለመገበሪያ የለየችውን ጥቂት ስንዴ በሙዳዩ አድርጋ፣ ከጣራው ወጋግራ ላይ ሰቅላው ነበር። የቀረቻት ልጅ ትርንጎ ናት። ትርንጎ ተኝታ ቀና ብላ ታየዋለች።

«እማ፣ እዚያ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የኪዳነ ምሕረት ነው ልጄ።»

ልጅቱ ደግማ አልጠየቀችም። የእናቷን አንጀት የበላው ያ አለመጠየቋ ነው። ብታለቅስ፣ ብትለምን ይሻል ነበር። እሷ ግን ሙዳዩን አየት ታደርግና ፊቷን ወደ ግድግዳ ትመልሳለች።

እንጉዳይ መገበሪያውን ሳትነካ ሰነበተች። በመጨረሻ ሙዳዩን አወረደች። «እመቤቴ፣ አንቺም ልጅ ታቅፈሽ ተሰደሻል፤ ይህን ላንቺ አልነግርሽም» አለችና ስንዴውን ቆልታ፣ ፈጭታ፣ አጥሚት አደረገችው። ትርንጎ በትንሽ በትንሹ ጠጣች። «ይጣፍጣል» አለች።

እዚህ ላይ ልጅቱ ቀለም ገባባት፣ ተነሥታ ሄደች ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ግን ውሸት አልነግራችሁም። ሙዳዩ እንደተሰቀለ ትሞታለች ብላ የፈራችላት ልጅ፣ ሙዳዩ ባለቀ በማግስቱ አረፈች።

ከዚያ ወዲያ እንጉዳይን ሁለት ሐሳብ እንደ ወፍጮ ድንጋይ መሐል አስገብቶ ፈጫት። ቀደም ብዬ ብሰጣት ትድን ነበር? ጭራሽ ባልነካው ትድን ነበር? የሚመልስላት የለም። ልጇንም አላዳነች፣ መገበሪያውንም አላስገባች። ሞትን ለመነችው፤ እሱም እምቢ አላት።

የንግሡ ቀን ደረሰ። ደወል ተደወለ። ከመንደሩ አንድ በር አልተከፈተም። የሁሉም ሙዳይ ባዶ ነበራ! እያንዳንዷ ሴት፣ ባዶዋን የሆነችው እሷ ብቻ መስሏት፣ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች። ሽማግሌው ቄሰ ገበዝ ወልደ ሩፋኤል ከደጀ ሰላሙ ቆመው ይጠብቃሉ። ደግመው አስደወሉ። የመጣ የለም።

እንጉዳይ ተነሣች። ነጠላዋን አደገደገች፤ ሙዳይዋን አነሣች፤ ወጣች። ስታልፍ ወርቄ በበሯ ስንጥቅ አየቻት።

«እንጉዳይ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ኪዳነ ምሕረት።»

«ምን ይዘሽ?»

«ምንም።»

«አንቺ ሴት፣ አታፍሪም?»

«አፍራለሁ» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ደጀ ሰላሙ ጋ ስትደርስ ተንበረከከች። ሙዳዩን ዘረጋች። ቄሰ ገበዙ ክዳኑን ከፈቱ።

«በልተነዋል አባቴ። ለልጄ ሰጠኋት። ልጄም አልተረፈችልኝ።»

የሽማግሌው እንባ በጢማቸው ወረደ። ተግሣጽም አልተናገሩ፣ «አይዞሽ»ም አላሉ። ሙሉውን ሙዳይ እንደሚቀበሉት አድርገው ባዶውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ተሳለሙት፤ ቤተ ክርስቲያኑን ይዘውት ዞሩ። እሷ ከኋላቸው ዞረች። ከዚያ እንደ ወትሮዋ ግንባሯን ከግድግዳው አስደገፈች። በዚያ ቀን «አልገባኝም» ለማለት እንኳ አቅም አልነበራትም። «መጣሁ» ብቻ አለች።

ዞር ስትል ወርቄ ባዶ ሙዳይዋን ታቅፋ ከበሩ ቆማለች። ከወርቄ ኋላ ሌላ ሴት፤ ከእሷም ኋላ ሌላ። የመንደሩ ሴት ሁሉ ባዶ ሙዳዩን ይዞ ወጣ። መገበሪያ የለምና ቅዳሴ አልተቀደሰም። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያሉ ድምፃቸው እስኪዘጋ ምሕላ አደረሱ።

ዝናብ አልዘነበም። ዝናብ የመጣው በክረምቱ ነው፤ ያኔ መንደሩ እኩሌታው ከአፈር በታች ነበር።

እንጉዳይ ብቻዋን ሸመገለች። ተጽናናች አልላችሁም፤ ትርንጎ የምትባል ልጅ ሲጠሩ በሰማች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። ስንዴ በተገኘ ዘመን ግን ለንግሡ ሁለት ሙዳይ ይዛ ትመጣ ጀመር፤ አንድ ሙሉ፣ አንድ ባዶ። ለምን ብለው ሲጠይቋት፣ «ይኸኛው የሰጠኝ፣ ይኸኛው የነሣኝ። ሁለቱንም ለራሱ አመጣሁለት» ትላለች።

ስትሞት ባዶውን ሙዳይ ወርቄ ያዘችው። እሱ ሲያረጅ ሌላ ተሰፋ፤ ያም ሲያረጅ ሌላ። እስከ ዛሬ ድረስ በወይራ አምባ ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ ቀድሞ የሚገባው ባዶ ሙዳይ ነው። የምትይዘው በዚያ ዓመት ሰው የቀበረች ሴት ናት። ካህኑ በሁለት እጁ ይቀበላታል። ከእሷ በፊት ስንዴ የሞላላት አትገባም። ሐዘን የደረሰባት ሴት በሯን ስትዘጋም ጎረቤቶቿ መጥተው «እግዜር ያጽናሽ» ብለው አይሄዱም። አንኳኩተው፣ «ባዶውን ይዘሽ ነይ» ይሏታል።

አምና የእኔን በር አንኳኩተዋል። ልጄን ከቀበርኩ ገና ወሩ ነበር። ያ ሙዳይ ምንም የለበትም፤ ተሸክሜ እንደዚያ የከበደኝ ዕቃ ግን የለም። ይዤው ሄድኩ።