ሸይኹ ያላሸተቱት ሽቶ

ስሟን እንተወውና፣ ዙሪያዋን የጽጌረዳ ማሳ በከበባት አንዲት የድሮ ከተማ ሸይኽ ጁነይድ የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። የዚያ አገር ሰው ኑሮው ከአበባ ነው። ጤዛው ሳይረግፍ ይለቅማል፤ በመዳብ ድስት ከውሃ ጋር ይጥዳል፤ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ ክዳኑን ዙሪያውን በሊጥ ይመርጋል። እንፋሎቱ በቀርከሃ ቱቦ አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ማሰሮ ይጠራቀማል። በማግስቱ ከላይ የሰፈፈችውን ዘይት በላባ ያነሳታል። ከአንድ ማሳ አበባ አንድ ብልቃጥ ከወጣ አልሐምዱሊላህ ነው።

ታዲያ ብልቃጧ ገበያ የምትወጣው ሸይኽ ጁነይድ ካሸተቷት በኋላ ነው። ቢስሚላህ ብለው ያሸታሉ፤ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ሐቅ ነው» ይላሉ። በቃ! ከዚያ ወዲያ ማን ይከራከራል?

አንድ ዓመት ክፉ ጉንፋን ጣላቸው። ሲሻላቸው ማሽተት አብሮ ሄዷል። ጽጌረዳውም ጭሱም ለእሳቸው አንድ ሆነ። ደነገጡ፤ አፈሩም። ለማንም ሳይናገሩ፣ ዘይት ያመጣውን ሁሉ «ገና አልበረታሁም» እያሉ ይመልሱ ጀመር።

አንድ ጁሙዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ የገበያው አለቃ ሙክታር፣ ሸምሲያ የምትባል ዘይት አውጪ ይዞ መስጂዱ ደጃፍ መጣ። ባሏ የሞተባት ሴት ናት። «ዘይቷን ከጉሎ ዘይት ቀላቅላለች» ብሎ ከሷታል። ከተፈረደባት ድስቷ ይወሰዳል፤ በዚያ ከተማ ዳግመኛ አበባ አትጥድም።

«አባባ፣ እርስዎ ያሽትቱልኝ» አለች ሸምሲያ ብልቃጧን እየዘረጋችላቸው። «እርስዎ ሐቅ ነው ካሉ ሌላው የፈለገውን ይበል።»

ሸይኹ ብልቃጡን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ምንም። ሴትዮዋን ከልጅነቷ ያውቋታል፤ እንደማታጭበረብር ልባቸው ነግሯቸዋል። አንዲት ቃል ብቻ ብትወጣ እሷም ትድናለች፣ የእሳቸውም ስም እንደተከበረ ይቀራል።

«ወላሂ፣ ማሽተት ከተሳነኝ ሁለት ወር ሆኖኛል» አሉ ብልቃጡን ዝቅ አድርገው። «ደብቄያችሁ ነበር፤ አውፍ በሉኝ።»

ሰው ሁሉ ጉድ አለ። ሙክታር «እንግዲህ መስካሪ የላትም» ሲል የሸምሲያ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«ቆይ እንጂ ሙክታር፣ ምን አስቸኮለህ?» አሉ ሸይኹ። ነጭ ወረቀት አስመጡና ከዘይቷ አንድ ጠብታ፣ አጠገቡም አንድ ጠብታ የጉሎ ዘይት አንጠብጥበው የሚፋጅ ፀሐይ ላይ አኖሩት። ንጹህ የአበባ ዘይት ተንኖ ይጠፋል፤ ጉሎ ግን ቅባቱን ጥሎ ይቀራል። የዐስር ሶላት ሲደርስ የጉሎው ቦታ እንደወዛ ነው፤ የሸምሲያ ጠብታ ያረፈበት ደርቆ ነጭ ሆኗል። ሙክታር እዚያው ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቃት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለሸይኹ ብልቃጥ ያመጣ የለም። ሙክታር ከንክኖት ሊዘይራቸው ሄደ።

«ሸይኻችን፣ ዘይቱ ለካ ንጹህ ነበር። ያኔውኑ ሐቅ ነው ቢሉ ምን ነበረበት? ክብርዎም አይነካም ነበር።»

«ዘይቱማ ንጹህ ነበር» አሉ ሸይኽ ጁነይድ። «ሳላውቅ ብመሰክር ኖሮ ንጹህ የማልሆነው እኔ ነበርኩ።»

ወገኖቼ፣ ውሸት ማለት ያልሆነውን ሆነ ማለት ብቻ ይመስለናል። ሳናውቅ የተናገርነው እውነት ሆኖ ቢገኝስ? አጋጣሚ ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም። «እሱማ ደግ ነው፣ እሷማ ክፉ ናት» እያልን በየቀኑ ያላሸተትነውን ስንመሰክር እንውላለን። አላህ «አላውቅም» የምንልበትን ወኔ ይስጠን፤ እሷን ቃል ሰው ፊት ማውጣት ምን ያህል እንደምትከብድ እሱ ያውቃል።