ምሪት ከሌለ ቁጥር የለም

ሚስቴ ዘርትሁን በነሐሴ ሞተች። ልጃችን ሶስና ያኔ የሦስት ቀን ልጅ ነበረች።

በታኅሣሥ አንዲት ደብዳቤ ፈለግኩ። ስማቸው እባላለሁ፤ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ ጎርፍ ከማሳ ላይ ምን ያህል አፈር ጠርጎ እንደሚሄድ እለካለሁ። አንድ የውጭ ድርጅት እንደኔ ላለ ተማሪ የአንድ ዓመት ድጋፍ ይሰጣል፤ ፌሎሺፕ ይሉታል። ካገኘሁት፣ ቀን ቀን ሶስናን የምትይዝልኝ ሴት እቀጥራለሁ። የዘርትሁን እህት ማመልከት ከቻልኩ ውጤቱ እስኪታወቅ ትታገሳለች። ካልቻልኩ እሑድ መጥታ ልጅቷን ወደ መተማ ትወስዳለች። ተነጋግረን ጨርሰናል። ማመልከቻው ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። የቀረኝ የአማካሪዬ ደብዳቤ ብቻ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሶስናን አዝዬ ወደ አማካሪዬ ወደ ዶክተር ይልቃል ሄድኩ።

«ደብዳቤ? አንተው ጻፈውና እኔ እፈርማለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳያነሱ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ብቻ የትምህርት ክፍሉ ራስጌ ያለው ወረቀት ላይ ይሁን።»

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ራሴ ጻፍኩ። «ስማቸው ጎበዝ ነው። ታታሪ ነው። ጨዋ ነው።» ሌላ አልመጣልኝም። ራስጌ ያለው ወረቀት ደግሞ የለኝም። ወረቀት ከሌለ ፊርማ የለም፤ ፊርማ ከሌለ ደብዳቤ የለም፤ ደብዳቤ ከሌለ ሶስና የለችም።

ወረቀቱ ያለው የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ወይዘሮ ትርንጎ መሳቢያ ውስጥ ነው።

«ውይ፣ ይቺንም ይዘህ ነው እንዴ የምትማረው? ስንተኛ ዓመት ናት?» አሉና ልጅቷን ከጀርባዬ ተቀበሉኝ። «እናቷስ?»

«የለችም።»

«ገበያ ናት? በዚህ ፀሐይ!»

«አዎ» አልኩ።

«ወረቀቱን ግን ያለ ቁጥር አላወጣም፣ የኔ ወንድም። ባለፈው አንዱ ወስዶ የቤት ኪራይ ውል ጻፈበት።»

ቁጥር ከሌለ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ ፊርማ የለም፤ ፊርማ ከሌለ ደብዳቤ የለም፤ ደብዳቤ ከሌለ ሶስና የለችም።

ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ ቤት ነው። አቶ ጉግሳ በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ።

«ቁጥር ጎመን አይደለም ቀንጥሼ የምሰጥህ። ኃላፊዋ የጻፍከው ረቂቅ ጥግ ላይ ‹ይጻፍለት› ብለው ይምሩልህ። ያለ ምሪት ቁጥር ብሰጥህ የምመራው እኔ ነኝ፣ ወደ ቤቴ።»

ምሪት ከሌለ ቁጥር የለም፤ ቁጥር ከሌለ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ ፊርማ የለም፤ ፊርማ ከሌለ ደብዳቤ የለም፤ ደብዳቤ ከሌለ ሶስና የለችም።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር መቅደላዊት ወደ ስብሰባ ሊገቡ ቆመው አገኘኋቸው።

«ስምህ ከነሐሴ ወዲህ የተማሪዎች ዝርዝር ላይ የለም። አቋርጠሃል እንዴ?»

«አላቋረጥኩም።»

«እሱን የድህረ ምረቃ ቢሮ ያረጋግጥልኝ። ላቋረጠ ሰው ‹ይጻፍለት› ብዬ ነገ እኔ ልጠየቅ?»

ማረጋገጫ ከሌለ ምሪት የለም፤ ምሪት ከሌለ ቁጥር የለም፤ ቁጥር ከሌለ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ ፊርማ የለም፤ ፊርማ ከሌለ ደብዳቤ የለም፤ ደብዳቤ ከሌለ ሶስና የለችም።

ድህረ ምረቃ ቢሮ ውስጥ ነስሩ የሚባል ልጅ አለ። እኩያዬ ነው።

«ወንድሜ፣ እኔ ምን ቸገረኝ? ሲስተሙ ነው እንጂ። የአራት ወር የሂደት ሪፖርት የለህም። ያለ ሪፖርት ማረጋገጫ አያትምም፤ ብትለምነውም አይሰማህም።»

«ሪፖርቱን የሚጽፈው ማነው?»

«አማካሪህ ነዋ! ማን ሊሆን ኖሯል?»

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ለሶስና ጡጦዋን ሰጠኋት። ማልቀሷን አልተወችም። እሹሩሩ የሚለው ዜማ ጠፋብኝ፤ በአፌ የነበረው ሌላ ነው። ያንኑ እያልኩ ወዘወዝኳት። ሪፖርት ከሌለ ማረጋገጫ የለም፤ ማረጋገጫ ከሌለ ምሪት የለም፤ ምሪት ከሌለ ቁጥር የለም፤ ቁጥር ከሌለ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ ፊርማ የለም፤ ፊርማ ከሌለ ደብዳቤ የለም። እንቅልፍ ወሰዳት።

ዶክተር ይልቃል ጋ ስመለስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ አወረድኩላቸው። ሪፖርት ከሌለ ማረጋገጫ የለም፤ ማረጋገጫ ከሌለ ምሪት የለም፤ ምሪት ከሌለ ቁጥር የለም፤ ቁጥር ከሌለ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ ፊርማ የለም፤ ፊርማ ከሌለ ደብዳቤ የለም፤ ደብዳቤ ከሌለ። እዚህ ላይ ቆምኩ።

«ደብዳቤ ከሌለ ምን?»

«ሶስና የለችም። አክስቷ ትወስዳታለች።»

ቀና አሉ። ጀርባዬ ላይ ያለችውን ያዩት ያኔ ነው።

«እናቷስ?»

«የለችም።»

እጃቸውን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሡ። ከዚያ «መቼ?» አሉኝ።

«ነሐሴ ሃያ አንድ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቁኝም፣ ዶክተር።»

ስለ ራሴ የጻፍኩትን ወረቀት ተቀብለው አነበቡ። ጎበዝ፣ ታታሪ፣ ጨዋ። «ይሄ የማንም ሰው ደብዳቤ ነው» አሉ። «በዚህ ሳምንት ብቻ እንዲህ ያለ ሦስት ፈርሜያለሁ። አንዱንም አላነበብኩም። የመስክ ደብተርህን አምጣ።»

ደብተሩን ገለጡ። የዝናቡ ልክ፣ የጎርፉ ልክ፣ የአፈሩ ክብደት፣ በየቀኑ።

«መስከረም ላይ ይህን ማን ለካው?»

«እኔ።»

«ልጅቷስ?»

«አዝዬያት።»

ወረቀቱን ቀደዱት። ስልካቸውን ዘጉ። ሁለት ሰው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሰኞ ኑ አሏቸው። አጠገባቸው አስቀምጠውኝ ከደብተሩ ላይ ሪፖርቱን ራሳቸው ጻፉ። ምን እንዳገኘሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ድጋፉን ባገኝ ምን እንደምሠራበት ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ደብዳቤውንም ጻፉ። ከዚያ ተነሡና ወጡ፤ እኔ ከኋላ ከኋላ።

ሪፖርት ሲኖር ነስሩ ማረጋገጫ አተመ። ማረጋገጫ ሲኖር ዶክተር መቅደላዊት ከስብሰባ ወጥተው ረቂቁን ግድግዳ ላይ አስደግፈው «ይጻፍለት» ብለው መሩ። ምሪት ሲኖር አቶ ጉግሳ ቁጥር ሰጡ። ቁጥር ሲኖር ወይዘሮ ትርንጎ ወረቀት አወጡ። ወረቀት ሲኖር ፊርማ ኖረ። ፊርማ ሲኖር ደብዳቤ ኖረ። ደብዳቤ ሲኖር ሶስና አለች።

ዶክተር ይልቃል ደብዳቤውን ራሳቸው ከላኩ በኋላ አስነበቡኝ። «ስማቸው ነሐሴ ሃያ አንድ ቀን ሚስቱን አጣ። መስከረም ሁለት አራስ ልጁን አዝሎ ወደ ማሳው ተመለሰ። ዝናቡ እስኪያቆም አንድ ቀን ሳይለካ አላለፈም። እኔ አማካሪው ይህን ሳላውቅ አራት ወር አለፈ።»

«የተሳሳተ ነገር አለው?»

«የለውም።»

«ከእንግዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ና። የምታሳየኝ ባይኖርህም ና።»

አሥር ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ማመልከቻዬን ከፈትኩ። ከመላኬ በፊት ከላይ እስከ ታች አየሁት። አንድ ቦታ ላይ ከደብዳቤው ጋር አልገጠመም። የትዳር ሁኔታ ይላል። በጥቅምት ስሞላው «ያገባ» የሚለውን ነክቼ ነበር። ከሥሩ «የትዳር ጓደኛ የሞተበት» የሚል አለ። እሱን ነካሁና ላክሁ።