የአቶ ንጋቱ ባቡር ሳትቀባ የከረመችበት ምክንያት

ይህን ነገር ማውራት አይገባኝም ነበር። በድሬዳዋ የተከበሩ ሰዎች ስም የሚነሣበት፣ ፍየል ሳትቀር የተሳተፈችበት ከባድ ጉዳይ ነው። አንባቢ ቆሜ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እንደተናገርኩ ቆጥሮ ይቅርታ ያድርግልኝ።

አቶ ንጋቱ ከባቡር ጋራዥ በቀለም ቀቢነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጎበጤ የምትባለው አሮጌ ባቡር ተቆራርጣ ለብረት ስትሸጥ፣ ቁጭ ብለው በቆርቆሮ፣ ክንድ በማይሞላ ቁመት እንደገና ሠሯት። ከዚህች በቀር የጎበጤን መልክ የሚያሳይ ነገር በዓለም የለም። እሑድ የባቡር ጡረተኞች ሲሰበሰቡ ጠረጴዛ ላይ ትቆማለች፤ ግን ራቁቷን ናት። በብሩሽ ቢቀቧት ቀለሙ ወፍሮ ብሎኖቿን ዋጠባቸው። ፍቀው አነሡት። "የሚያስፈልገኝ ኤርብራሽ ነው" አሉ፤ እስክሪብቶ የምታህል፣ ቀለምን በአየር እንደ ጉም የምትረጭ መሣሪያ ማለታቸው ነው።

ወደ ፈትያ የዕቃ መደብር ሄዱ፤ እሷም ሦስት ዓይነት አወጣችላቸው። አንዷ የመኪና በር እንጂ ትንሽ ነገር አትችልም። አንዷ ጥፍር ላይ አበባ መሳያ ናት፤ ባቡር ቀቢ ቢሏት ዓመት ትፈጃለች። ሦስተኛዋ ግን ቃታዋን ሲጫኑት አየር፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ቀለም ትሰጣለች። ጥቂት ሲስቡ ፀጉር የምታህል መስመር፣ ብዙ ሲስቡ ሰፊ ገላ ትቀባለች። ዋጋዋም በጡረተኛ አቅም ነው።

"ይቺን ስጪኝ፣ ልጄ።"

"ሳትሞከር አልሸጥም፣ ጋሼ። ነገ ብትደፈን የፈትያ ዕቃ ነው የሚባለው። ስሜን በስንት ልፋት ነው ያቆምኩት? አየር ይፈልጉና እንሞክራት።"

አቶ ንጋቱ ጎማ ወደሚጠግነውና ወደሚነፋው ጎሚስታ ሄዱ። "ዑመሬ፣ አየር ስጠኝ። ያለ አየር ፈትያ አትሞክርም፣ ካልሞከረች አትሸጥም፣ ካልሸጠች ባቡሬ አትቀባም።"

ዑመሬ ጎማ ላይ እንደተቀመጠ፣ "አየሩ በነፃ ነው፤ ግን የለም" አለ። "የኮምፕረሰሩን ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ወይዘሮ አስካለ ለወፍጯቸው ተውሰውታል። እርስዎ ይጠይቋቸው። እኔ ያዋስኩትን አልጠይቅም፤ ዑመሬ ቸገረው ሊባል ነው?"

ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄዱ። "ወይዘሮ አስካለ፣ ቺንጋውን ይፍቱልኝ። ያለ ቺንጋ ዑመሬ አየር የለውም፣ ያለ አየር ፈትያ አትሞክርም፣ ካልሞከረች አትሸጥም፣ ካልሸጠች ባቡሬ አትቀባም።"

"የተረከብኩትን እህል ሳልፈጭ ቺንጋ አልፈታም። የአቶ ጉተማ ማሽላ ተራ ይዟል።"

"ይፍጩታ።"

"ባለቤቱ ያልቆመበትን እህል እኔ? ዱቄቴ ተለወጠ ብሎ የሚሟገት ስንቱን አይቻለሁ። እሳቸው ይምጡና ከወፍጮው አጠገብ ይቁሙ፤ ያኔ እፈጫለሁ።"

አቶ ጉተማ የጎበጤ ነጂ ነበሩ። ከአቶ ንጋቱ ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። ያም ሆኖ አቶ ንጋቱ ሄዱ። ጉተማ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ፍየላቸው ታስራለች። የተኳረፈ ሰው ፊት ለፊት አይነጋገርምና አቶ ንጋቱ ለፍየሏ ነገሯት።

"አንቺ ፍየል፣ ጌታሽ ወፍጮ ቤት ካልቆመ አስካለ አይፈጩም፣ ካልፈጩ ቺንጋ አይፈቱም፣ ያለ ቺንጋ ዑመሬ አየር የለውም፣ ያለ አየር ፈትያ አትሞክርም፣ ካልሞከረች አትሸጥም፣ ካልሸጠች ጎበጤ ራቁቷን ሰው ፊት ትቆማለች።"

ፍየሏ ታመነዥካለች።

"ንገሪው" አሉ ጉተማም ለፍየሏ። "የወፍጮ ቤቱ መንገድ በእሱ ደጃፍ ነው። ጎበጤን አረንጓዴ ነበረች ባለ ሰው ደጃፍ አላልፍም። ቀይ ነበረች። ስንቱን ጣቢያ አንገቴን በመስኮቷ አውጥቼ ያለፍኩ ሰው፣ ያየሁትን አውቃለሁ።"

"ቀይ ይለኛል። በዚህ እጄ የቀባኋትን" ብለው ጀመሩና አቶ ንጋቱ ሳይጨርሱ አንድ ነገር ገባቸው። አንገት በመስኮት ወጥቶ ቁልቁል ሲያይ ምን ያያል? ከመስኮቱ ሥር ያለችውን ቀጭን መስመር። መስመሯ ቀይ ናት። ያሰመሯትም ራሳቸው ናቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ፍየል፣ ከመስኮቱ ሥር ቀይ መስመር ነበረ። ከነጂ በቀር ልብ የሚለው የለም። በብሩሽ አልወጣ ቢለኝ ልተወው ነበር። ያቺ ኤርብራሽ ግን ገላውንም መስመሩንም ትችላለች። ይሰመራል።"

ጉተማ የፍየሏን ጆሮ አሻሹ። "እንግዲህ አንቺ ከለመንሽኝ ምን አደርጋለሁ" ብለው ከዘራቸውን አነሡ።

ጉተማ በንጋቱ ደጃፍ አለፉ፣ ሲያልፉ ወፍጮ ቤት ደረሱ፣ ሲቆሙ አስካለ ፈጩ፣ ሲፈጩ ማሽላው አለቀ፣ ሲያልቅ ቺንጋው ተፈታ፣ ሲፈታ የዑመሬ ኮምፕረሰር ጮኸ፣ ሲጮኽ ፈትያ ካርቶን ላይ አንድ ሰፊ ደመናና አንዲት ቀጭን ጭረት ሞከረች፣ ስትሞክር ሸጠች። አቶ ንጋቱም እዚያው ጎማ መካከል ጎበጤን አለበሷት።

እሑድ ጎበጤ ጠረጴዛ ላይ ቆመች። ብሎኗ ሁሉ ይታያል፤ ገላዋ አረንጓዴ፣ ከመስኮቷ ሥር ቀይ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግራና ቀኟ ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ። "አረንጓዴ ናት ብዬ አልነበረም?" ይላሉ ንጋቱ ለመጣው ሁሉ። "ቀይ ናት አላልኩም?" ይላሉ ጉተማ ለዚያው ሰው። ሁለቱም አሸንፈዋል።

ስለዚህ አደራ፣ ይህን ያነበበ ለማንም አይንገር። ከሁለቱ ያሸነፈው እገሌ ብቻ ነው የሚል ወሬ ድሬዳዋ የገባ እንደሆነ፣ ጉተማ በዚያ ደጃፍ አያልፉም፣ ካላለፉ አስካለ አይፈጩም፣ ካልፈጩ ዳግም የተዋሱትን ቺንጋ አይፈቱም፣ የከተማው ጎማም ሁሉ ተንፍሶ ይቀራል።