የዳንቴል አንጀት

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች፣ ከጠራሁት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ እስከ ፍጻሜው አታየንም።

ይቺ ሴት ድመት አላት። ነጭ ስለሆነችና ሶፋ ላይ ተዘርግታ ስለምትውል ዳንቴል ትባላለች። ስሙን ያወጣላት የሴትዮዋ ባል ነው፣ ነፍሱን ይማርልን። እርሱ በታመመ ጊዜ ስምንት ወር ሙሉ እግሩ ሥር ተኝታ ያስታመመችው ዳንቴል ናት። እርሱ ሄደ፤ ዳንቴል ቀረች። ይህን ያዙልኝ።

አምና ከጥምቀት በኋላ ዳንቴል መክሳት ጀመረች። ትበላለች፣ ትከሳለች። ትበላለች፣ ታስመልሳለች። አራት ኪሎ የነበረችው ሦስት ገባች። አራት ኪሎ ስል ሰፈሩን አይደለም፣ ክብደቷን ነው።

ሴትዮዋ በዘንቢል ይዛት ወደ እንስሳት ሐኪም ሄደች። ሐኪሟ ዶክተር ምንትዋብ መረመረቻትና፣ «አንጀቷ ተቆጥቷል» አለች። «የምትበላው አይዋሃዳትም፣ የምትከሳውም ለዚህ ነው። በሽታው ጨርሶ አይለቃትም፤ ግን ከተጠነቀቁላት ይያዛል።»

ክኒን በየቀኑ ታዘዘላት። ምግቧ ደግሞ በልታው የማታውቀው ሥጋ ብቻ ይሁን ተባለ። ምን በልታ አታውቅም? ፍየል። እንግዲያው የፍየል ሥጋ፣ ያለ ጨው የተቀቀለ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን አምስት ጊዜ። «ሌላ ምንም እንዳትቀምስ። በተለይ ወተት!» አለች ዶክተሯ። «በየሳምንቱም ይመዝኗት።»

እስቲ አስቡት። ይህ የተነገራት መቼ ነው? የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ። ይቺ ሴት ደግሞ እንደምታውቋት ናት፤ ቅባት የነካው ማንኪያ እንኳ በጾም ቤቷ አይገባም። አሁን በጾም ሥጋ ልትቀቅል ነው! ሰው ምን ይላል? ሽታው ጎረቤት ቢደርስስ?

ምን አደረገች? ሥጋውን ከማዶ ሰፈር ከሁሴን ሥጋ ቤት ገዝታ ጎመን ሥር ደብቃ ታመጣለች። ገና ሳይነጋ፣ በርና መስኮት ዘግታ ትቀቅላለች። አምስቱንም ጊዜ ጓዳ ውስጥ ታበላታለች። ለማን ነገረች? ለማንም።

እኛስ ምን አየን? የምትጾም ሴትና የምትከሳ ድመት!

ወሬው ሳምንት ሳይሞላ ዳር እስከ ዳር ደረሰ። «ድመቷንም እያስጾመቻት ነው።» እትዬ ይመኙሻል፣ አጥሬን የምትጋራኝ፣ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል ነበር፤ ይቺ ግን መንኩሳ አመሏንም ረሳች፣ አይጥ እንኳ በፊቷ ሲያልፍ ዝም!» አለችኝ። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ምን አልን? «አንጀት የላትም» አልን። ያቺን ሴት፣ በቀን አምስት ጊዜ ተደብቃ የምታበላውን፣ አንጀት የላትም አልናት።

የኛ አንጀት ግን ራራ! እኔ በጾም ወተት ልገዛ ወጣሁ። ወተት ሻጯ «በጾም፣ ጋሽ አያልቅበት?» አለችኝ። «ለድመት ነው» ስላት፣ «እሺ፣ ለድመት ነው» አለችና የመሥሪያ ቤት ዘበኛ መታወቂያ እንደሚያይ አየችኝ። ወተቱን በሳህን አድርጌ፣ ሴትዮዋ ኪዳን ስትሄድ፣ በግቢዎቻችን መካከል ባለው የአጥር ቀዳዳ ሾልኬ ከውኃ በርሜሏ ጀርባ አስቀምጥ ጀመር። ዳንቴል ትመጣለች፣ ትልሳለች፣ እግሬን ታሻሸኛለች። እኔም ጽድቅ ሠራሁ ብዬ እገባለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሴትዮዋ ዳንቴልን ልታስመዝን ወደ ጋሽ በሻህ ሽንኩርት ቤት መጣች። ጋሽ በሻህን ታውቁታላችሁ፣ የእድራችን ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ዘንቢሉን ሚዛን ላይ ሲያወጣው ከሰልፉ አንዷ፣ «ኪሎው ስንት ነው?» አለች።

«ይቺ ለሽያጭ አይደለችም» አለ ጋሽ በሻህ። «ብትሆንም አጥንቱ ይበዛል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። የዘንቢሉን ቀንሶ ሁለት ኪሎ ተኩል ሲላት፣ «እባክህ ደግመህ መዝናት» አለችው። ደገመ። ያው ነው። ዘንቢሏን አቅፋ ስትወጣ እኔ በር ላይ ነበርኩ። ምን ሆንሽ አልኳት? አላልኳትም። በልቤ «አብዪያት!» ነበር ያልኩት።

ያን ቀን ከዚያ በቀጥታ ዶክተሯ ጋ ሄደች። ዶክተሯም አልሸሸገቻትም፦ «መድኃኒቱም ምግቡም ከተጀመረ ወሩ ነው፤ ቢያንስ መውረዷ መቆም ነበረበት። በሚመጣው ቅዳሜ ከዚህ ከወረደች፣ እንዳትሠቃይ በመርፌ ስለማሳረፍ እንነጋገራለን።» ቀጥላም ጠየቀቻት፦ «እርግጠኛ ነዎት፣ ሌላ ነገር አትበላም?»

«በባሌ አጥንት!» አለች ሴትዮዋ።

ቤቷ ስትደርስ ግን ጥያቄው አላስቀመጣትም። ግቢዋን ዞረች። ከበርሜሉ ጀርባ ምን አገኘች? ሦስት ሳህን። አንዱ ወተት የደረቀበት። አንዱ የጉበት ቁራጭ ያለበት። ሦስተኛው እርጎ።

እንግዲህ እኛ የተዝካርና የሠርግ ሳህን እንዳይጠፋብን ሥሩን ምልክት እናደርግበት የለ? ገለበጠቻቸው። አንዱ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ፣ የባለቤቴ ምልክት። አንዱ ሁለት ሰረዝ፣ የእትዬ ይመኙሻል። ሦስተኛው በሰማያዊ ቀለም ምን ይላል? «እድር»! የእድሩን ሳህን ማን እንዳወጣው አልናገርም። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ነው፣ ጋሽ በሻህ ግን አትሳቀቅ።

ማታውኑ በሬን አንኳኳች። ሳህኔን አጥባ፣ ሳህን ባዶ አይመለስምና ቆሎ ሞልታበት።

«ጋሽ አያልቅበት፣ ሳህንዎን አምጥቻለሁ።»

ባለቤቴ ከውስጥ፣ «የትኛው ሳህን?» አለች። ያንን ሌላ ቀን እነግራችኋለሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ወተት የሚሰጡልኝ?» አለች ሴትዮዋ።

«ከ... ከዘወረደ» አልኩ። የጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት መሆኑ ነው።

«እርሷም ከዘወረደ ወዲህ መውረዷን አላቆመችም» አለች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ፤ አንጀቷን፣ ፍየሉን፣ ጎመኑን፣ መርፌውን። እንድትቆጣኝ ፈለግሁ። አልተቆጣችም። «ሥጋ ስቀቅል እንዳታዩኝ ብዬ ነው የደበቅሁት። ብነግራችሁ ኖሮ...» አለች።

«እኔስ ብጠይቅሽ ኖሮ» አልኩ።

ቆሎው እጄ ላይ ከበደኝ።

እስቲ ፍረዱ። ማን ክፉ ነበር? እኔ ክፉ ነበርኩ? ይመኙሻል በጾም ጉበት መጥበሷ ለክፋት ነው? ማንም ክፉ አልነበረም! የኛ አንጀት በራራ ቁጥር የዳንቴል አንጀት ይቆጣ ነበር፤ ነገሩ ይህ ነው። በርኅራኄያችን ልንገድላት አንድ ሳምንት ቀርቶን ነበር።

ነገሩ ለሁሉም ተሰማ፤ ያን ሳምንት ማንም ምንም አላስቀመጠም። የአጥሩን ቀዳዳ እኔው በቆርቆሮ ደፈንኩት። ቅዳሜ ሽንኩርት ቤቱ በሰው ሞላ፤ ሽንኩርት የሚገዛ ግን አልነበረም። ጋሽ በሻህ ዘንቢሉን አወጣ። ሁለት ኪሎ ተኩል። አልጨመረችም፤ ግን አልወረደችም!

«በትክክል መዝነሃት ነው ወይስ እጅህን አሳርፈህባት ነው?» አለች ይመኙሻል።

«እጄ ይኸው!» አለ፣ ሁለቱንም አንሥቶ።

ለትንሣኤ ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ገባች። ዛሬ ሦስት አልፋለች። አራት አትገባም፣ ዶክተሯም አትጠብቁ ብላለች። ክኒኑም ፍየሉም ዕድሜ ልኳን ነው። አንዳንድ ሳምንት ትወርዳለች፣ ሴትዮዋም ጥንቃቄውን እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ዘንድሮ ግን ጾም ቢሆንም በሯን ከፍታ ነው የምትቀቅለው።

ወገኖቼ፣ ዛሬ መጻጉዕ ነው። ያ ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ ላይ የኖረ ሰው ሕመሙ ተሰውሮ ነበር? ጌታ አያውቅም ነበር? ያውቃል! እያወቀ ግን መጀመሪያ ጠየቀው፣ ልትድን ትወዳለህን ብሎ። የሚያውቀው ከጠየቀ፣ የማናውቀው እኛ ሳንጠይቅ ሳህን ይዘን የምንሮጠው ወዴት ነው?

ያ ከሥራ የወጣ ጎረቤታችሁ ምክር ነው የሚያሻው ወይስ ዝም ብሎ አብሮት የሚቀመጥ? ጠይቃችሁታል? ያቺ ልጅ የሞተባት «እግዜር የወደደውን ነው» መባል ፈልጋለች? ጠይቃችኋታል? ከስታለች ብላችሁ የምታሟት እኅት የምን ክኒን እየዋጠች እንደሆነ ታውቃላችሁ?

እናንተም ጎመን ሥር የደበቃችሁ፣ አላችሁ፣ አውቃለሁ፤ መስኮቱን ትንሽ ክፈቱት። በተዘጋ ቤት ላይ ሰው የሚመስለውን ይሞላበታል። መልካም ሰው ደግሞ ወተት ይሞላበታል።

ትናንት በበሯ ሳልፍ ዳንቴል ደጃፉ ላይ ተዘርግታለች። እጄን ከመዘርጋቴ በፊት ጮክ ብዬ ጠየቅሁ፦ «እትዬ፣ ዛሬ ምን ይፈቀድላታል?»

«መዳሰስ ብቻ!» አለችኝ ከጓዳ።

ዳሰስኳት። አምና ጎድኖቿ በጣት ይቆጠሩ ነበር፤ ትናንት በእጄ ፈልጌ ነው ያገኘኋቸው።

እናንተም ዛሬ ከዚህ ስትወጡ የአንድ ሰው በር አንኳኩ። ባዶ እጃችሁን ሂዱ፤ አትፈሩ። ጠይቁ፣ መልሱን እስኪጨርስ ስሙ፣ ከዚያ በኋላ ሳህናችሁን ፈልጉ። አምላከ መጻጉዕ የሚራራ አንጀት ሰጥቶናል፤ የሚጠይቅ አፍም ይጨምርልን።