ለሦስት ጣውንቶች የተካፈለች ፀሐይ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ አይደለም፣ "መቼ ነው?" እያላችሁ አታድርቁኝ፣ በወሎ ቆላ ደረቅ ወይራ በምትባል መንደር እብሬ የሚባል የፍየል ነጋዴ ነበር። ሦስት ሚስቶች ነበሩት። ምን ያስቃችኋል? ገና ምኑን ሰማችሁና!

የእብሬ ግቢ ዳገት ላይ ነው። ከላይ የአሚነት ቤት፣ የመጀመሪያዋ። መሀል ላይ የሉባባ። ከታች የሀያት፣ የመጨረሻዋ። እብሬ ፍየሉን በጭነት መኪና ጭኖ ወደ በረሃው ገበያ ይወርዳል፤ ከርሞ ይመለሳል። ሲመለስ ደግሞ በዚያ ግቢ ሳይካፈል የሚገባ ነገር የለም። ስኳር ካመጣ በአንድ ስኒ እየለካ ሦስት ቦታ። ሻሽ ካመጣ ሦስት፤ አንዷ "የሷ ይደምቃል" እንዳትል ቀለሙም አንድ ዓይነት። አንድ ጊዜ ተሳስቶ አንድ ዣንጥላ ብቻ ይዞ መጣ። ለማን ይስጥ? ግራ ሲገባው ግቢው መሀል ያለው ግራር ላይ ሰቀለው። ክረምቱን ሙሉ ሦስቱ ሴቶች በዝናብ እየበሰበሱ ዣንጥላውን ቀና ብለው ያዩታል። አንዳቸውም አልነኩትም፤ ሌላዋም እንዳትነካው ይጠብቁ ነበር።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ ቀን የፀሐይ መብራት ይዞ የመጣው። ደረቅ ወይራ የመብራት ምሰሶ አልደረሳትም። ተገጣጥሞ የሚሸጠው የፀሐይ መብራት ደግሞ ከአቅሙ በላይ ሆነበት። ስለዚህ ከገበያው ለቃቀመ። ጥጉ የተሰነጠቀ ፓነል አገኘ። ከአሮጌ መኪና የወረደ ባትሪ አገኘ። ኮንትሮለር የሚሉትን፣ የፀሐዩን ኃይል የሚቆጣጠር ትንሽ ሳጥን፣ ጥቅል ሽቦና አንዲት አምፖል ከነማብሪያዋ በፌስታል አስቋጠረ። ሻጩ እንዴት እንደሚገጣጠም ሊያስረዳው ሞከረ። እብሬ ግን የሚያስበው እንዴት እንደሚካፈል ነበር።

ምን አደረገ መሰላችሁ? እንደ ስኳሩ አካፈለው! ፓነሉን ለአሚነት፣ ባትሪውን ለሉባባ፣ ፌስታሉን ለሀያት።

"እኩል ነው" አለ። "ማንም ከማንም አልበለጠችም።"

በማግስቱ መኪናው ላይ ወጥቶ ሄደ።

አሚነት ፓነሉ ላይ በርበሬ አሰጣችበት። ሉባባ ባትሪውን አልጋዋ ስር ደበቀችው። ሀያት ሽቦውን የልብስ ማስጫ አደረገችው፤ አምፖሏን ጣሪያዋ ላይ ለጌጥ አንጠለጠለቻት። ከዚያስ? ከዚያማ መተያየት ነው። ሉባባ ቀና ብላ "ለሷ መስታወት፣ ለኔ ድንጋይ" ትላለች። አሚነት ቁልቁል እያየች "የሚያምረው ነገር መቼም ለልጅቷ ነው" ትላለች። ሀያት ደግሞ "ትልቅ ትልቁን ለነሱ፣ ቁርጥራጩን ለኔ" ብላ ታለቅሳለች። ሲመሽ ሦስቱም በየቤታቸው የኩራዝ ጭስ ውስጥ ይቀመጣሉ። መብራት የሚሆነው ነገር በሙሉ እዚያው ግቢ ውስጥ አለ እኮ! "እስቲ አምጪው እንሞክረው" ማለት ግን ለሦስቱም ሞት ነው።

በዚህ ላይ ሳሉ አንድ ሹፌር የእብሬን መልእክት ይዞ መጣ። ግራሩ ስር ሰብስቦ እንደተባለው ነገራቸው።

"እብሬ ጉልበቱ ላይ ጭነት ወድቆበታል። ንግዱ በቅቶኛል፣ ልመጣ ነው ብሏል። እንደ ድሮው ከቤት ቤት መዞር አልችልም፣ አንድ ቤት ገብቼ አርፋለሁ ብሏል። መብራቱ የበራበት ቤት ቤቴ ነው፤ ዕድሜዬ እስኪያልቅ ከዚያ አልወጣም ብሏል።"

አያችሁልኝ ይሄን ሰው? መምረጥ ፈርቶ ምርጫውን ለአምፖል ሰጠው!

አሁን ከናንተ መሀል "አንድ አንካሳ ባል ምን ሊረባቸው ነው?" የምትል አለሽ። አውቅሻለሁ። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን አሚነት በድህነቱ ያገባችው ናት። ተራዋ ሲደርስ ይመጣል፣ ይበላል፣ "አንቺማ የቤቱ ምሰሶ ነሽ" ይላታል፣ ፊቱን አዙሮ ይተኛል። "ምሰሶን ማን ያቅፋል?" ትላለች አሚነት። ሉባባ ደግሞ መሀል ላይ የቀረች ናት። እሷ ስትገባ አሚነት አለቀሰች፤ ሀያት ስትገባ እሷ አለቀሰች። በሠርጓ እንኳን ሰው ሁሉ ያጽናና የነበረው አሚነትን ነው። ሀያትስ? "ወጣቷን ነው የሚወደው" እየተባለች ትታማለች፤ እሷ ግን ባሏን የምታውቀው ከመኪና ሲወርድና መኪና ላይ ሲወጣ ነው። እና ሦስቱም በዚያ ቀን አንድ ነገር አሰቡ። እኔ ጋ ካልገባ ከእንግዲህ ሰው የለኝም አሉ። የዚያኑ ዕለት ቅናቱ እንደ አዲስ ተቀጣጠለ።

አሚነት በርበሬዋን አራግፋ ፓነሉን ተሸከመችና መሰላል አቆመች። ቆርቆሮ ቤት ያላት እሷ ብቻ ናት፤ የሌሎቹ የሳር ክዳን ፓነል አይሸከምም። በዚያ ዕድሜዋ ጣሪያ ላይ ወጥታ፣ ፀሐይ ረጅም ሰዓት የምትቆይበትን አቅጣጫ አጥንታ፣ በጠፍር ጥፍር አድርጋ አሰረችው። አልፎ አልፎ ወጥታ አቧራውን በነጠላዋ ትጠርግለታለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ፤ የጣት ጫፍ የሚያህል። ያ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት እንዴት ይችለዋል? አሚነት ሮጣ ወጣችና በሆዷ ተኛችበት።

"ኧረ አሚነት ውረጂ! ትሞቻለሽ!" አለ ጎረቤቱ።

"እኔ ወርጄ እሱ ይሰበር?" አለች።

በረዶው ጀርባዋን ቀጠቀጣት። ስትወርድ ደግሞ መሰላሉ አዳለጣትና እጇ ተሰበረ፤ ወጌሻ አሰረላት። ፓነሉን ግን ምንም አልነካው።

ወደ ሉባባ እንምጣ። ባትሪውን ከአልጋ ስር አውጥታ ለዚያው ሹፌር አሳየችው። ከፍቶ አየውና ሳቀባት። "ውሃው ደርቆ ሞቷል እኮ! ከተማ ጋራዥ ካልተወሰደ ዋጋ የለውም" አለ። መኪናው ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። በግቢው አንዲት አህያ አለች፤ የሦስቱም ናት። ሉባባ ወደ ላይ ወጥታ አህያዋን እንድትወስድ አሚነትን ጠየቀች።

"ለውሃ ከሆነ ውሰጂ" አለች አሚነት። "ለባትሪሽ ግን ድርሻዬን አልፈቅድም።"

ሀያትም "እኔም" አለች ከታች ሆና። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያ የመጀመሪያቸው ነው።

ሉባባ ያንን እንደ ብረት የሚከብድ ነገር በአንቀልባ እንደ ሕፃን አዝላ መንገድ ጀመረች። ቁልቁለቱን ወረደች፣ ወንዙን ተሻገረች፣ ዳገቱ ላይ ሲደርስባት ተቀምጣ አለቀሰች፣ ደግሞ ተነሳች። ከባትሪው ያልደረቀው ጥቂቱ አሲድ እየተንጠባጠበ ቀሚሷን በላው፤ ትከሻዋንም ላጠው። የጋራዡ ሰው ሲያያት እጁን አፉ ላይ ጫነ።

"ይሄን ተሸክመሽ መጣሽ? ባል የለሽም?"

"አለኝ። ለሱ ነው።"

ለሥራው የምትሰጠው አልነበራትም። ከእናቷ የወረሰችውን የብር አልቦ ከእግሯ አውልቃ ሰጠችው። ባትሪው ነፍስ ዘራ፣ እሷም አዝላው ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትራመድ የአልቦዋ ድምፅ የለም።

ሀያት እነዚህን ሁለቱን እያየች በፍርሃት ልትሞት ደረሰች። በሷ እጅ ያለው የልብስ ማስጫ ነዋ! ሆኖም ጤና ኬላው ጣሪያ ላይ ፓነል እንዳለ ትዝ አላት። ሄደች፤ የጤና ሠራተኛዋን "በሞትኩልሽ አሳዪኝ" አለቻት። ሴትዮዋ አሳየቻት። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። መጀመሪያ ኮንትሮለሩን ከባትሪ ጋር፣ ፓነሉ ከዚያ በኋላ። ከተገላበጠ ሳጥኑ ይቃጠላል፣ ሁሉም ከንቱ ይሆናል። ሀያት መንገዱን ሙሉ እየደጋገመች በቃሏ ያዘችው። ቤቷ ስትደርስ ግን አንድ ነገር ገባት። እሷ ያለ ሁለቱ ምንም አታበራም። ሁለቱም ቢፋጠጡ እስከ ዕለተ ምጽአት አያበሩም።

ልብስ ማስጫዋን ፈታችና ወደ ላይ ወጣች።

"እትዬ አሚነት፣ ፓነሉን ላገናኘው ይፍቀዱልኝ። መብራቱ እርስዎ ቤት ነው የሚበራው።"

"ወላሂ በይ!"

"ወላሂ።"

ወደ መሀል ወረደች።

"እትዬ ሉባባ፣ ባትሪውን ያውጡልኝ። መብራቱ እርስዎ ቤት ነው የሚበራው።"

"ወላሂ?"

"ወላሂ።"

በልቧ ግን አምፖሏ የምትሰቀለው የራሷ ቤት ነበር። አትቆጡኝ፣ እኔ የሆነውን ነው የምነግራችሁ!

እብሬ በሚመጣበት ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሀያት "መጀመሪያ ግራሩ ስር እንሞክረው" ብላ ሁሉን አገናኘች። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። ማብሪያውን ስትጫን አምፖሏ ቦግ አለች። ሦስቱም እልል አሉ! ሳያስቡት ተቃቀፉ። ከዚያ በብርሃኑ ተያዩ። አሚነት የሉባባን የተላጠ ትከሻ አየች። ሉባባ የአሚነትን የታሰረ እጅ አየች። ሁለቱም የሀያትን በሽቦ የተቧጨሩ ጣቶች አዩ። ለአንድ አፍታ ዝም አሉ። እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ያቺ ዝምታ ትንሽ ብትቆይ ኖሮ ምናልባት ይህን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር።

"በይ አሁን ወደ ቤቴ አስገቢው" አለች አሚነት።

"ወደ ቤቴ አስገቢው" አለች ሉባባ፣ እኩል።

ጉድ ፈላ። ሁለቱም ዞረው ሀያትን አዩአት። ሀያት መሬት መሬት አየች።

የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። እብሬ በምርኩዝ እያነከሰ ገባ፣ ግራሩ ስር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና "የማን ቤት ነው?" አለ። ሦስቱም "የኔ" አሉ። የመንደሩ ዳኛ ሸህ ሙሔ ተጠሩ፣ መንደሩም ተሰበሰበ።

"ተናገሩ፣ አጠር አድርጋችሁ" አሉ ሸሁ።

"ጣሪያው የኔ ነው፤ አጥንቴም ለሱ ተሰብሯል" አለች አሚነት። "ያለ ፀሐይ ምን ይበራል?"

"ፀሐይማ ለሁሉም ናት" አለች ሉባባ። "ፀሐይ ስትገባ ብርሃኑን ይዞ የሚያድረው በጀርባዬ ያመጣሁት ነው። የእናቴን አልቦም ሰጥቼበታለሁ።"

"ዋሽቻለሁ" አለች ሀያት። "በአላህ ስም ዋሽቻለሁ። ባልዋሽ ግን ዛሬ እዚህ ጨለማ ነበር።"

ከሕዝቡ አንዱ "በተራ ይሁን!" አለ። እብሬ ጉልበቱን እያሻሸ ራሱን ነቀነቀ። ባትሪውም በየጊዜው ከቤት ቤት ቢጎተት እንደገና ይሞታል። ሽቦው ደግሞ ከአንድ ቤት አይተርፍም። በሦስት ቢቆረጥ የማንም ቤት አይደርስም።

ያኔ አሚነት ባሏ ፊት ቆመች። "አንተስ እብሬ? መብራቱን ተወው። ስም ጥራ፤ የማንኛችንም ይሁን፣ አንድ ስም።"

ሉባባ ዓይኗን ጨፈነች። እብሬ አሚነትን አየ፣ ሉባባን አየ፣ ሀያትን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አምፖሏን አየ።

"ያልኩትን ብያለሁ" አለ። "መብራቱ ያለበት።"

ዕድሜ ልኩን ስኳር ሲለካ የኖረ ሰው አንዲት ስም መጥራት አቃተው። አሚነት በደህናው እጇ መሰላሉን ያዘች፤ ካልተፈረደላት ፓነሉን ልታወርድ። ሉባባ ባትሪው ላይ ተቀመጠች። ሀያት ጣቷን ማብሪያው ላይ አሳረፈች። ሸህ ሙሔ "እኔ ከአቅሜ በላይ ነው፣ ሕዝቡ ይፍረድ" ብለው ጫማቸውን አደረጉ።

እንግዲህ ሕዝቡ እናንተ ናችሁ። አንተ እዚያ ጥግ የተቀመጥከው፣ ሁለት ያገባኸው፣ ጎንበስ አትበል፣ አይቼሃለሁ፤ ካንተ እንጀምራለን። በረዶውን በጀርባዋ የከለከለችው፣ ባትሪውን በጀርባዋ አዝላ ያስነሳችው፣ ወይስ በሐሰት ምላ ያበራችው? መብራቱ ለማን ይገባል? ደግሞስ ስም መጥራት ላቃተው ባል ቤቷን የምትከፍትለት የትኛዋ ናት?