የእጁ ዋስ

አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ስሙ አላምረው ይባላል። በዚያ አገር የድንጋይን ጠባይ እንደሱ የሚያውቅ አልነበረም ይባላል። ጥቁሩን ድንጋይ በመዶሻው ነካ ነካ ያደርገውና ድምፁን ሰምቶ በፈለገው በኩል ይሰነጥቀዋል። አንዱን ድንጋይ ለማለስለስ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ አይሰለቸውም። ለድንጋይ ያለው ትዕግሥት ግን ለሰው አልተረፈም። በተለይ ለሚስቱ ለእናኑ አልተረፈም። ሲቆጣ እጁ ከአፉ ይቀድማል። ከመታት በኋላ ደግሞ ደጅ ወጥቶ ያለቅሳል፣ ተመልሶ እግሯ ላይ ይወድቃል፣ በማርያም ይምላል፣ በሚካኤል ይምላል። መሐላው የሚቆየው እስከሚቀጥለው ንዴት ድረስ ነው።

አንድ ቀን እናኑ መሐላ መስማት ሰለቻት። ነጠላዋን ደርባ፣ ምንም ሳትይዝ፣ ወደ አባቷ ቤት ሄደች።

አላምረው ቤቱ ባዶ ሲሆንበት ጊዜ ደነገጠ። ሽማግሌ ሰበሰበና ላከ። ሽማግሌዎቹም በአባቷ ግቢ ተቀምጠው ሁለቱንም ሰሙ። እናኑ የተናገረችው ትንሽ ነው። እጁን እንጂ እሱን እንደማትጠላው፣ እጁ ካረፈላት እንደምትመለስ ነገረቻቸው። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ቢተው ይባላሉ፤ ነገር የማያስረዝሙ ሰው ናቸው። ወደ አላምረው ዞረው፣

«በል ዋስ ጥራ» አሉት።

በዚያ አገር እርቅ ያለ ዋስ አይጸናም። አጥፊው ዳግመኛ ቢያጠፋ የሚጠየቅለት ሰው መቆም አለበት። አላምረው አብረውት ወደ መጡት ጓደኞቹ አየ። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። አብሮት ድንጋይ የሚጠርበውን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት የኖረውን ደረበን በስሙ ጠራው። ደረበ ቆሞ ራሱን አከከና፣

«አላምረው ወንድሜ፣ ለበሬህ ዋስ እሆናለሁ፤ ለቤትህም እሆናለሁ። ለእጅህ ግን አልችልም» አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

አንዳንዱ ሳቀ። አላምረው ግን አልሳቀም። ሲጨንቀው፣ ዋሴ እግዚአብሔር ነው አለ።

«እሱንስ ተወው» አሉ አያ ቢተው። «እሱን ስንቴ ጠርተህ ስንቴ አሳፈርከው። እኛ የምናየው ዋስ ጥራ።»

ያን ጊዜ እናኑ እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደችና እናቷ የሰጠቻትን የብር ጉትቻ ከግራም ከቀኝም አወለቀች። መጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ይህን አስቀልጠህ ለእጅህ ቀለበት አሠራበት፣ እሱን ባየህ ቁጥር ቃልህን አስታውስ፣ ዋስህ እሱ ይሁን አለችው። ቀጥላም፣

«እጅህ ዳግመኛ ካረፈብኝ ግን ሽማግሌ አልሰማም» አለች።

አያ ቢተውም ይሁን አሉ። ዋሱ ቀለበቱ ነው፤ ዋሱ ከጎደለ እርቅ የለም ብለው መርቀው ተነሡ።

አላምረው በነጋታው ወደ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ዘንድ ሄደ። አንጥረኛው ዓይኑ ደከም ብሏል፣ ግን ሥራው ገና አልደከመም። ብሩን ተቀብሎ ቀለበቱ ለምን እንደሆነ ጠየቀው። አላምረው እያፈረ የሆነውን ሁሉ ነገረው። ሽማግሌው ሰምቶ ሲያበቃ፣ የምትማታው በየትኛው እጅህ ነው አለው። አላምረው ቀኙን ዘረጋለት። ጨብጥ አለው፤ ጨበጠ። ዘርጋ አለው፤ ዘረጋ። ጣቱን እያገላበጠ ሲያየው ቆየና ወደ ወናፉ ዞረ።

ቀለበቱ ሲያልቅ ከላይ ሲያዩት ምንም ጌጥ የለበትም፤ ልሙጥ ብር ነው። በውስጡ ግን፣ መዳፍ በሚውልበት በኩል፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ጉጥ አለችው። አላምረው አጥልቆ እጁን ቢጨብጥ ጉጧ ሥጋው ውስጥ ገባች።

«አባባ፣ ይሄ ይቆረቁራል» አለ።

«ይቆርቁርህ» አለው ሽማግሌው። «የማይቆረቁር ከፈለግህ ገበያው ሙሉ ነው።»

እናኑ ወደ ቤቷ ተመለሰች። መጀመሪያ ሰሞን አላምረው በዚያች ቀለበት ምክንያት ብዙ ተሠቃየ። ፍየል ገብታ ያስቀመጠውን ገመድ ታኝክበታለች፤ ይቆጣል፣ እጁን ይጨብጣል፣ ጉጧ ትወጋዋለች። ውሃ ሳይሞቅለት ይቀራል፤ ይጨብጣል፣ ትወጋዋለች። ስትወጋው የጆሮዋ ጉትቻ ትዝ ይለዋል፣ የአባቷ ግቢ ትዝ ይለዋል። ያን ጊዜ ውልቅ ብሎ ወደ ደጅ ይወጣና ገና ያልተጠረበ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ አቤቱ ማረኝ፣ አቤቱ ማረኝ እያለ ንዴቱ እስኪያልፍ ይቆያል። ከዚያ ዝም ብሎ ይገባል።

እናኑም ይህን ታያለች። ማታ ማታ እጁን ተቀብላ ቀለበቱን ታወጣና የቀላውን ጣቱን ቅቤ ትቀባለታለች። ዛሬ ምን አናደደህ ትለዋለች፤ ፍየሏ ይላታል። እሷም ትስቃለች። ዛሬ ደግሞ ብዙ ቀልቷል፣ ፍየሏ ብቻ አይደለችም ትለዋለች፤ ደረበም አለበት ይላታል። ሳቋን ከሰማ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። ቤታቸው በዚያን ጊዜ ቤት ሆነ። አላምረውም ሲጸልይ፣ ጌታዬ ሆይ ይህችን ጉጥ አታንሣብኝ ይል ነበር።

ቆይቶ ግን ሁለት ነገር መጣበት። አንደኛው ሥራው ነው። በዚያ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር እንዲሠራ ተመርጦ ነበርና መዶሻውን በጨበጠ ቁጥር ጉጧ ትወጋዋለች። ሳይቆጣም ትወጋዋለች። ሁለተኛው ደግሞ የሰው አፍ ነው። ደረበ ቀለበቱን እያየ፣ ሰው በሬውን በአፍንጫው ያስራል፣ አንተን ደግሞ እናኑ በጣትህ አሰረችህ እያለ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ያሾፍበታል። አላምረው ይስቃል፣ ሆዱ ግን ይከፋዋል።

እንግዲህ ሰይጣን ሲመጣ ትልቅ ነገር ይዞ አይመጣም። አላምረው ቀለበቱን ልጣል አላለም። እንዲያውም ላሳምረው ነው ያለው። እኔ እኮ ተለውጫለሁ፣ አሁን ንዴት የለብኝም፣ ማስታወሻው በጣቴ ካለ ይበቃል አለ በልቡ። ወደ ገበያ ወርዶ ለሌላ አንጥረኛ ሰጠው። ይኸኛው ጎበዝ ልጅ እግር ነው፣ አፉም ጣፋጭ ነው። የቀለበቱን ውስጥ ዳስሶ፣ ይህን የሠራልህ ሰው ዓይኑ አያይም እንዴ፣ እንዴት ይህን የሚያህል ጉጥ ይረሳል ብሎ ሳቀ። አላምረውም እውነቱን አልነገረውም፤ አብሮት ሳቀ። ልጁ ጉጧን ሞርዶ አጠፋና ውስጡን እንደ መስታወት አለሰለሰው። ከላይ ደግሞ ጉብ ያለች ቀይ ፈርጥ ተከለበት። ወደ ውስጥ የነበረው ወደ ውጭ ወጣ። አላምረው እጁን ጨብጦ አየው፤ ምንም አልተሰማውም። ደስ አለው።

ማታ እናኑ ቅቤ ይዛ እጁን ተቀበለችው። ፈርጧን አየች። ጣቱን አገላብጣ አየች።

«ዳነ?» አለችው።

«ዳነ» አላት።

ቅቤውን ወደ ቦታው መለሰችው።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ቀለበቱን ያመሰግንለት ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም እጁ ከሩቅ ያበራል። በየሳምንቱ በአመድ እያሸ ይወለውለዋል። ድሮ በቀን ብዙ ጊዜ ቃሉን ያስታውስ የነበረው ሰው፣ አሁን በቀን ብዙ ጊዜ ፈርጧን ያያል። ንዴቱም ቀስ ብሎ እየተመለሰ ነበር። መጀመሪያ በቃል ተመለሰ። ቀጥሎ ዕቃ በመወርወር ተመለሰ። እናኑ ወደ ቀለበቱ ታያለች፤ እሱም ስታይ አይቶ፣ ቀለበቱን ወደደችው ይላል በልቡ።

የቅጥሩ ሥራ ያለቀ ዕለት ሕዝቡ አላምረውን አመሰገነው፣ ካህናቱም መረቁት። እሱም ደስ ብሎት ከሩቅ የመጡ እንግዶችን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ጠላ ቀረበ፣ ጨዋታው ደራ። አንደኛው እንግዳ እጁን ያዘና፣ ይህ ቀለበት የተከበረ ሰው ቀለበት ነው፣ የት አገኘኸው አለው። አላምረውም ሳያስብ፣ የሥራዬ ክብር ነው አለ።

እናኑ ጠላ እየቀዳች ነበር። ቀና ብላ ፈገግ አለች። ክፋት አስባ አልነበረም። ምናልባት ያ የጥንቱ ሳቅ ይመለስ እንደሆነ ብላ ይሆናል።

«ዋሱ ነው እኮ» አለች።

«የምን ዋስ?» አለ እንግዳው።

«የእጁ።»

እንግዶቹ ሳቁ። ዋስ ያለው እጅ ዛሬ አየን አለ አንዱ። አላምረው ፊቱ ጨለመ። እጁን ጨበጠ። የወጋው ነገር አልነበረም። የጨበጠው እጅ እንደ ተጨበጠ ተወረወረና እናኑን ጉንጯ ላይ አገኛት። ፈርጧ ከዓይኗ ሥር ያለውን ሥጋ ቀደደችው።

ከእንግዶቹ የሳቀ የለም። ማድጋው ከእጇ አልወደቀም፤ ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ደሟን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ነጠላዋን እንደዚያው እንደ ያዘች ወጣች።

ሽማግሌዎቹ በአባቷ ግቢ እንደገና ተቀመጡ። ለማስታረቅ አልነበረም፤ አላምረው ስለለመናቸው ብቻ ነው። አያ ቢተው ወደ አላምረው ዞሩ።

«ዋስህን አቅርብ» አሉት።

አላምረው ቀለበቱን አውልቆ መዳፋቸው ላይ አኖረ። እሳቸውም ትንሹን ጣታቸውን ወደ ውስጡ አገቡ። ልሙጥ ነው። አጠገባቸው ላለው ሽማግሌ ሰጡት፤ እሱም ውስጡን ዳሰሰና ለቀጣዩ አቀበለ። ደረበም እዚያ ነበር፤ ሲደርሰው ዳሰሰና አንገቱን ደፋ። እንዲህ ቀለበቱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እናኑ ዘንድ ደረሰ። እሷም ዳሰሰችው። ጉንጯ አብጧል፣ ጆሮዋ ባዶ ነው።

«ሲቆረቁርህ ጊዜ ሰው ነበርክ» አለችው።

ቀለበቱን መሬት ላይ አኖረችና ወደ አባቷ ቤት ገባች። አያ ቢተውም በትራቸውን ይዘው ተነሡ።

አላምረው ቀለበቱን አንሥቶ ወደዚያ ወደ ሽማግሌው አንጥረኛ ሄደ። ፈርጧን አንሣልኝ፣ ጉጧን መልስልኝ አለው። ሽማግሌው ቀለበቱን በጣቱ ዳሰሰና የሆነው ገባው።

«ቤት ማን አለ?» አለው።

«ማንም የለም» አለ አላምረው።

ሽማግሌው ወናፉን ነፋ። ጉጧን ሠርቶ ሰጠው።

አላምረው አሁንም ድንጋይ ይጠርባል። መዶሻውን ሲጨብጥ ጉጧ ትወጋዋለች፤ ያን ጊዜ ሥራውን አቁሞ እጁን ዘርግቶ ያያል። አብረውት የሚሠሩት ምን እንደሚያይ ያውቃሉ፤ አይጠይቁትም። ማታ ቤቱ ሲገባ ጣቱ ቀልቷል። ቅቤ የሚቀባለት የለም። እናኑ አልተመለሰችም።

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ነገር በላያችን አለ። አንዱ በጣቱ ቀለበት አድርጓል፣ አንዱ በአንገቱ መስቀል አስሯል፣ አንዷ በክንዷ የእናቷን አምባር አጥልቃለች። ስናደርገው ቃል ነበረን። ወይ ለእግዚአብሔር የገባነው ነው፣ ወይ ለሰው፣ ወይ ለገዛ ራሳችን። ቃሉ ግን ይቆረቁራል፤ ሥራ ያስቸግራል፤ ጓደኛ ያሾፍበታል። እኛም መጣሉ ስለሚያሳፍረን እናሳምረዋለን። የሚወጋውን ከውስጥ ሞርደን የሚያበራውን ከውጭ እንተክላለን። ከዚያ በኋላ እሱን እያየን ደህና ሰው የሆንን ይመስለናል። ማስታወሻ ለዓይን ብቻ ከሆነ ጌጥ ነው፤ በጌጥ ደግሞ ከንዴቱ የዳነ ሰው አላውቅም። ከውስጥ ያጠፋነው ጉጥ ወደ ውጭ ሲወጣ የሚያቆስለው የምንወደውን ሰው ነው።

እግዚአብሔር ሳይመሽብን ልቦና ይስጠን። አንተም ይህን ያነበብክ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ቃል የገባችሁበትን እጅ እስቲ አሁን ጨብጡት።

ቆረቆራችሁ?