ራሱን የከሰሰው ንብ አናቢ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። መስማት የፈለገ ጆሮውን ይስጠኝ፣ እንቅልፍ የመጣበትም ይተኛ። ነገ "ድገሚልኝ" ቢለኝ ግን አልደግምለትም!

በድሮ ዘመን፣ ሰው በአሞሌ ጨው በሚገበያይበት ዘመን፣ ቢተው የሚባል ንብ አናቢ ነበረ። ቢተው ታታሪ ነበር፣ ደግ ነበር፣ ግን ይሉኝታ ያጠቃው ነበር። "ሰው ምን ይለኛል?" ሳይል አይውልም። ሚስቱ አንጓች ደግሞ ያሰበችውን ፊት ለፊት የምትናገር፣ ነገር ማድበስበስ የማታውቅ ሴት ነበረች።

አንድ ዓመት የቢተው አባት ሞቱ። ተዝካራቸው ደረሰ። አንጓች "እንዳቅማችን እናድርገው" አለችው። እሱ ግን "ሰው ምን ይለኛል?" አለና አገሩን ሁሉ ጠራ።

ከባልቴቷ ከእማማ ይርገዱ ጤፍ ተበደረ። ከጎረቤቱ ከወንድይፍራው ሰንጋ ተበደረ። ከነጋዴው ከጓንጉል አሞሌ ተበደረ። አገር በላ፣ አገር ጠጣ፣ አገር መረቀና ወደየቤቱ ሄደ። ዕዳው ብቻ ቢተው ቤት ቀረ።

እማማ ይርገዱ መጡ። "ልጄ ቢተው፣ ጤፌስ?" ቢተው ጎተራ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ።

ወንድይፍራው መጣ። "ቢተው፣ ሰንጋዬስ?" ቢተው ቆጥ ላይ ወጥቶ ከዶሮዎቹ ጋር ተቀመጠ። አትሳቁ! ትልቅ ሰው ነው እኮ።

ጓንጉል መጣ። ጓንጉል አፉ ቅቤ የሆነ ሰው ነው፣ እንደ ሌሎቹ አይጮህም። "አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ እያለሁልህ!" አለው። "ትንሽ አሞሌ ልጨምርልህና ለእነሱ አፍ ማስያዣ ስጣቸው።" ቢተው ተቀበለ። ለእነዚያ ትንሽ ትንሽ ሰጠ። ጓንጉል ግን በየወሩ አራጣ የሚጨምር ሰው ነበርና፣ የእማማ ይርገዱ ዕዳ በጣት ሲቀንስ የጓንጉል በክንድ ያድግ ጀመር።

ቢተው ጨነቀው። ሲጨንቀው ምን አደረገ መሰላችሁ? ንብ አናቢ ሊሠራው የማይገባውን ሠራ።

ማር የሚቆረጠው በኅዳር ነው፣ አደይ አበባው ካለፈ በኋላ። ሲቆረጥም ሁሉም አይወሰድም፣ ንቦቹ የሚበሉት ይተውላቸዋል። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ቢተው ግን በሰኔ፣ ዝናብ ሲጀምር፣ ከሁለት ቀፎ ያለውን የማር እንጀራ ሁሉ ጠርጎ አወጣ። ትንሽ ነበር፣ የማንንም ዕዳ አልሞላም። ንቦቹም የሚበሉት አጡና ጥለውት ሄዱ። ባዶ ቀፎዎቹን ሲያይ ቢተው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ጓንጉል ይህን ሰማና እየሮጠ መጣ። "አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ እያለሁልህ! የሌሎቹን ዕዳ በሙሉ እኔ እከፍልልሃለሁ። አንተ የቀሩትን ቀፎዎችህን ብቻ በመያዣ ስጠኝ።"

ቢተው እሺ ሊል አፉን ከፈተ። አንጓች ከጓዳ ብቅ አለች።

"ነገ ይመለሱ" አለችው ጓንጉልን። እሱ እንደወጣ ወደ ባሏ ዞረች። "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነጋዴ ዕዳውን ነው የሚፈልገው ወይስ ቀፎህን? ቀፎዎቹ ከሄዱ ልጆቻችን ምን ሊበሉ ነው?"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ዳኛው ዘንድ ሂድ። ተጎትተህ ሳይሆን በገዛ እግርህ ሂድ። ያለብህን ሁሉ ተናገርና መክፈያው በደንብ ይወሰንልህ።"

"እንዴ! ሳይከሰስ ዳኛ ፊት የሚቆም አለ? ሰው ምን ይለኛል?"

"እስካሁንስ ምን እያለህ ነው? ባሏ ቆጥ ላይ የሚያድር እያሉኝ አይደል!"

ቢተው ተነሣ። ነጠላውን አጣፋና ሄደ።

የዚያ አገር ዳኛ ቸኮል ይባላሉ። ስማቸው ነው እንጂ የሚቸኩለው እሳቸውስ አይቸኩሉም። ሾላ ሥር ተቀምጠው ሲፈርዱ ቢተው መጥቶ ቆመ።

"ማን ከሰሰህ?" አሉት።

"ማንም አልከሰሰኝም ጌታዬ። ራሴን ነው የከሰስኩት።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። "ተናገር እንግዲህ። አንዱንም እንዳታስቀር" አሉት።

ቢተው ተናገረ። ጤፉን ተናገረ፣ ሰንጋውን ተናገረ፣ አሞሌውንና አራጣውን ተናገረ። መጀመሪያ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እየቆየ ጠና። ጨርሶ ዙሪያውን ቢያይ የሚስቅ አልነበረም፣ ሰማዩም አልወደቀበትም። ደረቱ ላይ ተቀምጦበት የከረመው ነገር እዚያው፣ አንድ ፍሬ አሞሌ ሳይከፍል፣ ቀለል አለው።

ዳኛው ሦስቱን አበዳሪዎች አስጠሩና እንዲህ አሉ፦ "ቢተው በየኅዳሩ ማር ሲቆርጥ መጀመሪያ የንቦቹ ይተው። ቀጥሎ ለልጆቹ ጉሮሮ ይያዝ። የተረፈው እንደየዕዳችሁ መጠን ለሦስታችሁ ይከፈል። ከዛሬ ጀምሮ አራጣ አይወለድም። ቢተውም ዕዳው እስኪያልቅ ከማንም አይበደርም። እናንተም በሩ ላይ አትቆሙም። ተስማማችሁ?"

"ምነው ልጄ፣ ይሄንን ብትነግረኝ ኖሮ ስመላለስ እግሬ ባልተላጠ!" አሉ እማማ ይርገዱ። "ተስማምቻለሁ።"

"እኔም ተስማምቻለሁ" አለ ወንድይፍራው።

ጓንጉል ግን ቅቤው አፉ ላይ ደረቀበት። "እኔ አልስማማም! ቁራኛ ይሰጠኝ!" አለ።

ቁራኛ የድሮ ሕግ ነው፣ ልጆች። አበዳሪና ተበዳሪ ነጠላቸው ከነጠላ ይቋጠራል። ዕዳው እስኪከፈል አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ጓንጉል ያሰበው ቢተው በኀፍረት ብዛት ቀፎውን ይለቅልኛል ብሎ ነው።

ዳኛው ጺማቸውን ዳበሱ። "ሕግ ነው፣ አልከለክልህም። ግን ተበዳሪው ሠርቶ ነው የሚከፍልህ። ስለዚህ ሥራው ወዳለበት አንተ ትከተለዋለህ" አሉ። ነጠላቸው ተቋጠረ።

በመጀመሪያው ቀን ቢተው ባዶዎቹን ቀፎዎች በእበት ሊለቀልቅ ሄደ። ጓንጉል ተከተለ፣ ነጭ ቀሚሱ እበት ሆነ። "ቻለው" አለ ለራሱ።

በሁለተኛው ቀን ፍየሎች በሚያድሩበት ደጅ አብረው ተኙ። ፍየሎቹ ሌሊቱን ሙሉ የጓንጉልን ጥምጥም ሲበሉ አደሩ። "ቻለው" አለ አሁንም።

በሦስተኛው ቀን ቢተው ግራር ላይ የተሰቀለ ቀፎ ሊያይ ወጣ። ጓንጉልም እያቃሰተ ወጣ። ቢተው ጢስ ይዞ በዝግታ ቀረበ፣ ንቦቹም ያውቁታል። ጓንጉልን ግን ማን ያውቀዋል? እጁን ሲያወናጭፍ አንዷ አፍንጫውን ነደፈችው። ሁለተኛዋ ጆሮውን ነደፈችው። ሦስተኛዋ ያንን ቅቤ አፉን ነደፈችው! ሊሸሽ አለ፣ ቋጠሮው ያዘው። ሊወርድ አለ፣ ቋጠሮው ያዘው። ሊጮህ አለ፣ ከንፈሩ አብጦ አልከፈት አለው።

"አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ እያለሁልህ" አለው ቢተው፣ ከምሩ ነው፣ ሳቅ ሳቅ እያለውም ቢሆን። ጢሱን አዞረለትና ቀስ አድርጎ አወረደው።

ጓንጉል ፊቱ እንደ ቡሆ ተነፍቶ ዳኛው ፊት ቀረበ። "ፍ... ፍ... ፍቱልኝ" አለ። "ተስማምቻለሁ። አራጣውም ይቅርብኝ።" ቋጠሮው ተፈታ።

ቢተው በዚያ ቀን ቤቱ ገብቶ በጊዜ ተኛ። ፀሐይ ናላ እስክትበሳ አልነቃም። አንጓች የታመመ መስሏት ግንባሩን ዳሰሰች። አልታመመም፣ እፎይ ብሎ ነው።

እንዲያው በአንዴ አላለቀም፣ አልዋሻችሁም። ሦስት ኅዳር ፈጀ። ቤቱ ጠላ ያልተጠመቀበት በዓል አለፈ፣ ለአዲስ ልብስ የተባለ ማር ለእማማ ይርገዱ ሄደ። ቢተው ግን መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ቀና ብሎ ሰላምታ ይሰጥ ጀመር። ንቦቹም በረከቱላቸው፣ ጥለው ወደሄዱት ቀፎዎች አዲስ መንጋ ገባ።

የመጨረሻው ማር የተከፈለ ቀን ዳኛ ቸኮል ቢተውን ሾላው ሥር አቆሙትና ወደ ሕዝቡ ጮኹ።

"በቢተው ላይ ገንዘብ አለኝ የሚል አለ?" ዝም።

"በቢተው ላይ ገንዘብ አለኝ የሚል አለ?" ዝም።

"በቢተው ላይ ገንዘብ አለኝ የሚል አለ?" ወፍ እንኳ ዝም።

ቢተው በዚያ ዝምታ መካከል ቆሞ፣ ሰው ምን ይለኛል ሳይል፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። አንጓች እጁን ያዘችው። ጎረቤቶቹ እልል አሉ።

እና ልጆቼ፣ ዕዳ ሲበዛባችሁ በሌላ ዕዳ አትሸፍኑት፣ ከሰውም አትደበቁ። ያለባችሁን ሁሉ ቆጥራችሁ ተናገሩ፣ በሕግ አስወስኑ፣ ቀስ እያላችሁ ክፈሉ። ያን ጊዜ ኀፍረት የመሰላችሁ ነገር እፎይታ ይሆናል።

ተረቴን እዚህ አወረድኩት፣ እናንተ ደግሞ ተነሡና የደረቀ ጉሮሮዬን በእርጎ አርጥቡልኝ።